ቧንቧው ገባ፤ ለእኛስ ገባን?

የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ ሲተረክ አንድ ግሥ ይደጋገማል፤ «ገባ»። ስልክ ገባ፣ ባቡር ገባ፣ መኪና ገባ፣ ሲኒማ ገባ፣ የቧንቧ ውሃ ገባ። ማን አስገባው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ገባ፣ መጀመሪያ ያየው ሰው ምን አለ የሚለው በየመጽሐፉና በየበዓሉ ይወራል። ይኸው ግሥ ግን በአማርኛ ሁለተኛ ትርጉም አለው። «ገባኝ» ማለት «ተረዳሁት» ማለት ነው። ከመጀመሪያው «ገባ» እስከ ሁለተኛው «ገባ» ያለው መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ማየት ለሚፈልግ፣ ከእንጦጦ ሥርና ከየካ ሰፈሮች የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ታሪክ የተጀመረው ከዚያ ተራራ ነውና።

◾ ሽቅብ የወጣው ውሃ

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፈው እንጦጦ ለንጉሥ ከተማ የማይመች ሆኖ ነበር። ብርዱ ይጠዘጥዛል፣ ማገዶው እየራቀ ሄዷል። በ1879 ዓ.ም. ከፍልውሃው አቅራቢያ አዲስ አበባ ስትመሠረት ኑሮ ወደ ታች ወረደ። ቤተ መንግሥቱ የተሠራው ግን ኮረብታ ላይ ነው፤ ውሃ ደግሞ ያለው ሸለቆ ውስጥ ነው። ስለዚህ ውሃው በእንስራ፣ በሰው ጀርባ ይጋዝ ነበር።

ይህን የለወጠው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። ዙሪክ በሚገኘው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ከምኒልክ ዘንድ የደረሰው ኢልግ ድልድይ ሠርቷል፣ የባቡሩን ውል አስጀምሯል፣ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆኗል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም የእንጦጦን ምንጭ በብረት ቧንቧ ጠልፎ ወደ ቤተ መንግሥቱ አወረደው።

ለዘመኑ ሰው ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም። ይህ ውሃ ግን ከተራራው ወርዶ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ፣ እንደገና ኮረብታ ወጣ። ምሥጢሩ ቀላል ነው። በዝግ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ ወደ ተነሣበት ከፍታ ለመመለስ ይገፋል። ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ በላይ እስከሆነ ድረስ በመካከል ምንም ያህል ቢወርድ መልሶ ይወጣል። ሞተር የለውም፣ ነዳጅ አይፈልግም፤ የሚሠራው በከፍታ ልዩነት ብቻ ነው።

ይህ የገባው ሰው ግን ከምሥጢሩ ሌላ ነገርም ያውቃል። ውሃው በወረደ በየ10 ሜትሩ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ግፊት በ1 ኪሎ ገደማ ይጨምራል። 100 ሜትር ከወረደ 10 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ቧንቧው የሚፈነዳው ሸለቆው ውስጥ ነው፤ አየር ታፍኖ ውሃውን የሚያስቆመው ጉብታው ላይ ነው፤ ደለል የሚከማቸው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ነው። ውሃው ሲቆም የት ሄዶ እንደሚፈለግ ያውቃል። ያልገባው ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃው ቆሟል።

◾ አስተርጓሚ እንጂ መካኒክ ያልወጣበት ዘመን

ዐፄ ምኒልክ ለመሣሪያ የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነው። የጎበኟቸው አውሮፓውያን ንጉሡ ሰዓትና ጠመንጃ ፈትተው ውስጡን መመርመር ይወዱ እንደነበር ጽፈዋል። የአንድ ሰው ጉጉት ግን ትምህርት ቤት አይሆንም። በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት በዋናነት ያስተማረው የውጭ ቋንቋ ነው። መንግሥቱ በጊዜው አጥብቆ የፈለገው ከባዕዳን ጋር የሚነጋገርለት ሰው ነበርና።

ይህን ዛሬ ላይ ቆሞ መውቀስ ቀላል ነው። ከዓድዋ በኋላ በሦስት ቅኝ ገዥዎች የተከበበች አገር ውል ማንበብ የሚችል ሰው ማስቀደሟ ስሕተት አልነበረም። ዕዳው ግን ቆይቶ መጣ። ባዕድ መሐንዲስ ማሽን ያመጣል፣ ኢትዮጵያዊው ያስተረጉምለታል፣ ሌላው ኢትዮጵያዊ ጉድጓድ ይቆፍርለታል። በሁለቱ መካከል ቆሞ «ይህ ነገር የሚሠራው እንዲህ ነው» የሚል ሰው የሚወጣበት ተቋም አልነበረም። የአዲስ አበባው ተግባረ ዕድ የተከፈተው በ1934 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ከመጀመሪያው ቧንቧ በኋላ 40 ዓመት አልፎ።

◾ ከቧንቧ ወደ ፋብሪካ

ከተማው ሲሰፋ የእንጦጦ ምንጮች አልበቁም። በስተምዕራብ ገፈርሳ ተገደበ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ከኮተቤ አልፎ በደሴ መንገድ የሚጓዝ ሰው የሚያገኘው የለገዳዲ ግድብና ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። መነሻው በቀን 50,000 ሜትር ኪዩብ ነበር፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 2.5 ሚሊዮን ጀሪካን ይሆናል። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወደ 150,000 አደገ።

ለገዳዲ እንደ እንጦጦው ቧንቧ አይደለም። ፋብሪካ ነው። ቆሻሻ ውሃ በአንድ በኩል ይገባል፣ ንጹሕ ውሃ በሌላ በኩል ይወጣል፣ በመካከሉ እርስ በርስ የተሳሰሩ ብዙ ሥራዎች ሌት ተቀን ይሄዳሉ።

ምን እንደሚሠራ ለመረዳት በነሐሴ ቀበና ድልድይ ላይ ቆሞ ወንዙን ማየት ይበቃል። ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ ቡናማ ሆኖ አፈሩን ተሸክሞ ይሄዳል። ያንን ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡት አሸዋው ይዘቅጣል፤ ድፍርስነቱ ግን በማግሥቱም አይለቅም። ደቃቁ ሸክላ አፈር ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙሌት ስላለው አንዱ ቅንጣት ሌላውን ይገፋል፤ ተያይዞ ሊከብድና ሊወርድ አይችልም። ከሸክላማ መሬት ውሃ የሚሰበስበው ለገዳዲም በየክረምቱ የሚታገለው ከዚህ ድፍርስ ጋር ነው።

መድኃኒቱ አሉሚኒየም ሰልፌት ነው። ሲጨመር መገፋፋቱ ይቀራል፣ ቅንጣቶቹ ይጓጉላሉ፣ ከብደው ይዘቅጣሉ። ከላይ የቀረው ውሃ በአሸዋ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ተጨምሮበት፣ ወደ ማጠራቀሚያ ይሄዳል። በጽሑፍ ሲነበብ አራት ደረጃ ነው። ችግሩ ደረጃዎቹ አለመለያየታቸው ላይ ነው። መድኃኒቱ ካነሰ ጭቃው ሳይዘቅጥ ወደ አሸዋው ይሄዳል። አሸዋው ይደፈናል። የተደፈነ አሸዋ ንጹሕ ውሃ ከታች ወደ ላይ ተገፍቶበት መታጠብ አለበት። መታጠቢያው የሚወሰደው ለከተማው ከተዘጋጀው ውሃ ላይ ነው። ጠዋት መድኃኒት ሲመጠን የተሠራ ጥቂት ስሕተት ማታ ከከተማው ቧንቧ ላይ ይቀነሳል። መድኃኒቱ ከበዛም ውሃው አሲድነቱ ይጨምራል፣ መጓጎሉም ይበላሻል።

ስለዚህ ሠራተኛው ግድቡ በተለወጠ ቁጥር ውሃውን በተደረደሩ ብርጭቆዎች ቀድቶ፣ በየብርጭቆው የተለያየ መጠን መድኃኒት ጨምሮ፣ የትኛው ቀድሞ እንደጠራ ያያል። ትልቁን ፋብሪካ የሚያዘው የትንሹ ብርጭቆ መልስ ነው። አንድን ፋብሪካ ማወቅ ማለት እያንዳንዱን ማሽን በስም መጥራት ሳይሆን፣ እዚህ የተነካው ነገር የት ሄዶ እንደሚታይ መናገር መቻል ነው።

◾ ዕውቀቱ ከቤት አልጠፋም

ይህ ዓይነቱ ዕውቀት ለኢትዮጵያዊ ባዕድ ነው የሚል ካለ ጠላ ጠማቂን አልጠየቀም። ጥንስሱ መቼ ድፍድፍ እንደሚጨመርበት፣ ብርድ ሲሆን ስንት ቀን እንደሚዘገይ፣ አተላው ሳይነካ እንዴት እንደሚቀዳ ታውቃለች። አረቄ የምታወጣ ሴት ደግሞ እሳቱ ሲበረታ አረቄው እንደሚቀጥን፣ ማቀዝቀዣው ውሃ ሲሞቅ እንፋሎቱ ባክኖ እንደሚቀር ማንም ሳይነግራት ታስተካክላለች። ማዝቀጥ፣ ማጣራት፣ ማፍላት፣ ማቀዝቀዝ፤ የለገዳዲም ሆነ የቢራ ፋብሪካ ሥራ የሚጠራው በእነዚሁ ቃላት ነው።

ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጋን ተሞልቶ ይጠበቃል፤ ፋብሪካ ግን አይቆምም፣ ስሕተቱ የሚታረመው እየፈሰሰ ነው። ሁለተኛ፣ ጠማቂዋ የምታውቀው በአፍንጫዋና በእጇ ነው፤ ለልጇ የምታስተላልፈው አጠገቧ በማቆም ነው። ፋብሪካ የሚያውቀው በልኬትና በመዝገብ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት ነሐሴ ላይ ድፍርሱ ስንት ነበር፣ መድኃኒቱ ስንት ተጨመረ የሚለው ካልተጻፈ፣ ልምድ ያለው ባለሙያ ጡረታ በወጣ ቀን ፋብሪካው እንደገና ጀማሪ ይሆናል።

ያልተማርነው ነገር የለም ማለት አይደለም፤ የተማርነውም አለ። አዋሽ መልካሳ ላይ ራሱን አሉሚኒየም ሰልፌትን የሚያመርት ፋብሪካ ተቋቁሟል። ድኝ ተቃጥሎ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፣ አሲዱ ከአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ተዋሕዶ የውሃ ማጥሪያውን መድኃኒት ይሰጣል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አንድ ፋብሪካ የሌላውን ፋብሪካ ቀለብ ሲያዘጋጅ መማር ሥር ሰደደ ማለት ነው። ጥሬ ዕቃው ግን ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ሰንሰለቱ በሌላ ጫፍ ይሳባል። ሰንሰለቱን ሙሉውን ያላየ ሰው የለገዳዲን ችግር ለገዳዲ ላይ ብቻ ይፈልጋል።

◾ ሮቶና ፈረቃ

አሁን ወደ የካ እንመለስ። የመጀመሪያው ቧንቧ ከላይ ወደ ታች ይወርድ ነበር፤ የከፍታው ጌታ ተራራው ነበር። ዛሬ ዋናው ውሃ የሚመጣው ከምሥራቅ፣ ከተራራው ወገብ ከሚገኙ ሰፈሮች ዝቅ ካለ ቦታ ነው። ወደ ላይ ለመውጣት ፓምፕ ይፈልጋል፤ ፓምፕ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ ወይም መስመሩ ሲያፈስ ግፊቱ የሚሞተው ከላይኛው ቤት ጀምሮ ነው። የከተማው ሕዝብ ደግሞ በ1976ቱ ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ1999ኙ 2.7 ሚሊዮን ደርሷል። እንዲህ ሆኖ፣ የቧንቧ ውሃ ከጀመረበት ተራራ ሥር ሰው ፈረቃ ይጠብቃል፣ ግቢው ውስጥ ሮቶ ይተክላል፣ ቦቴ ይጠራል፣ ጀሪካን ያሰልፋል።

ውሃ ሲጠፋ የሚነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ማን አጠፋው?» የሚል ነው። አንዳንዴ መልሱ በእርግጥ ሰው ይሆናል። ነገር ግን «የት ላይ ቆመ?» የሚለው ጥያቄ ካልቀደመ፣ ጥፋተኛውም በትክክል አይያዝም። ግድቡ ጎድሎ ነው? መድኃኒት አልቆ ነው? አሸዋው ተደፍኖ ነው? ፓምፑ ቆሞ ነው? መስመሩ አፍስሶ ነው? ወይስ ውሃው ደርሶ ክፍፍሉ አድልቶ ነው? የመጨረሻው የፖለቲካ ጥያቄ ነው፤ ከቀደሙት አምስቱ መለየት የሚችለው ግን ሥርዓቱ የገባው ሕዝብ ብቻ ነው። ያልገባው ሕዝብ የተነገረውን ምክንያት ሁሉ ለማመን፣ ወይም ምንም ላለማመን ይገደዳል።

ፋብሪካ መመረቅ በአገራችን ትልቅ ዜና ነው፤ ሪባን ይቆረጣል፣ የወጣው ብር ይነገራል። ያንን ፋብሪካ ከመግቢያ እስከ መውጫ በእግሩ ተከትሎ የሚያስረዳ ወጣት መመረቁ ግን ዜና አይሆንም። የእያንዳንዱ ግንባታ ውል፣ ከማሽኑ ርክክብ ጎን የዕውቀቱን ርክክብ በስምና በቀን ካላስቀመጠ፣ በየትውልዱ አንድ ኢልግ መፈለጋችን አይቀርም። የእንጦጦው ቧንቧ ከገባ ከ120 ዓመት በላይ ሆኖታል። በየካ ኮረብታ ላይ ሮቶውን እያንኳኳ ውሃው እስከ የት እንደደረሰ የሚያዳምጥ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድም እንዲገባው መብቱ ነው።