ከካሳው በኋላ፦ የተጎዳ ሠራተኛ ወደ ሥራው የሚመለስበት መንገድ ታሪክ



የዛሬው ርዕስ ለታሪክ ትምህርት ክፍል እንግዳ ሳይመስላችሁ አይቀርም። ስለ ነገሥታትም ሆነ ስለ ጦርነት አልናገርም። የምናገረው በሥራ ላይ እጁን ወይም እግሩን ያጣ ሰው ወደ ሥራው እንዴት ይመለስ እንደነበረ፣ መመለሱንም ማን ይከታተል እንደነበረ ነው።

ርዕሱን የመረጥሁበትን ምክንያት አልደብቅም። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝሁ በኋላ፣ ወደ መምህርነት ከመግባቴ በፊት፣ በአንድ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቻለሁ። ጊዜው አዋጅ ቁጥር 42/1985 በወጣ ማግስት ነበር። ሥራዬም የጉዳት ቅጽ መሙላት፣ የሐኪሞች ቦርድ የወሰነውን የጉዳት መቶኛ መመዝገብና ካሳውን ማስላት ነበር። አንዲት ጎልማሳ ሴት ሦስት ጣቶቻቸውን ማሽን ወሰደባቸው። ቁስሉ ድኖ ካሳቸውን ሊቀበሉ በመጡ ዕለት፣ በግራ እጃቸው ከፈረሙ በኋላ፣ «ልጄ፣ ክር መቀጠል ባይሆንልኝ ቦቢን መቁጠር ያቅተኛል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም። «እትዬ፣ የእርስዎ ጉዳይ ተዘግቷል» አልኋቸው። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ሁለት ጊዜ አረጋግጫለሁ። የእርሳቸው ጥያቄ ግን የሒሳብ ጥያቄ አልነበረም። ይህን የተረዳሁት ብዙ ዘግይቼ፣ የሌሎችን አገሮች የሠራተኛ ሕግ ታሪክ ማንበብ ስጀምር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከጀርመን መጀመር ግድ ይላል። ሐምሌ 6 ቀን 1884 በቢስማርክ ዘመን የወጣው የአደጋ መድን ሕግ ሠራተኛው የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት ሳይጠበቅበት እንዲካስ ፈቀደ። መዋጮውን የሚከፍሉት አሠሪዎች ብቻ ነበሩ፤ ገንዘቡንም የሚያስተዳድሩት በየኢንዱስትሪው ዘርፍ ያቋቋሟቸው ማኅበራት ናቸው። ፈጽሞ መሥራት ያልቻለ ሰው የደመወዙን ሁለት ሦስተኛ ጡረታ ያገኝ ነበር። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጡረታውን ዕድሜ ልክ የሚከፍለውና ሕክምናውን የሚሸፍነው አካል አንድ በመሆኑ፣ የሠራተኛው በደንብ መዳን የከፋዩም ጥቅም ሆነ። በ1890 በቦኹም ከተማ ለማዕድን ሠራተኞች የተከፈተው በርግማንስሃይል ሆስፒታል የዚህ ስሌት ልጅ ነው። በዓለም የመጀመሪያው የአደጋ ሕክምና ሆስፒታል እንደነበረ ይነገርለታል።

ርኅራኄ ብቻ ነበር ብለን ግን አንታለል። ሠራተኞቹ ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ማሠልጠኛ መሣሪያዎች ይላኩ ነበር፤ የደነደነ መገጣጠሚያ ሲፍታታ የጉዳቱ መቶኛ ይወርዳል፣ መቶኛው ሲወርድ ጡረታው ይቀነሳል። ሠራተኞቹም እነዚህን ተቋማት «የጡረታ መጭመቂያ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። በዚህ ስያሜ ውስጥ ያለው ጥርጣሬ ከሙያው ጋር አብሮ ተወልዶ እስከ ዛሬ አልተለየውም።

አሁን ወደ አሜሪካ ልሻገር። በዚያ የካሳ ሕግ የየግዛቱ ጉዳይ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 1911 የኒውዮርክ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የግዛቲቱን የካሳ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። በማግሥቱ የትሪያንግል ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሕጎቹ በየግዛቱ እየተስፋፉ ሄዱ፤ ነገር ግን ካሳን እንጂ መመለስን አላሰቡም ነበር። ይህ ጉድለት የወለደውን ነገር በኦክላሆማ ግዛት እናየዋለን።

በ1925 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንድ ሠራተኛን ጉዳይ ተመለከተ። ሰውየው ቀድሞውኑ አንድ ዓይን ብቻ ነበረው፤ ሁለተኛውን በሥራ ላይ አጣ። ፍርድ ቤቱ አሠሪው የአንድ ዓይን ሳይሆን የሙሉ ዕውርነት ካሳ ይክፈል ሲል ወሰነ። ለዚያ ሰው ፍትሕ ነበር፤ ማንም ዳኛ ከዚህ የተለየ ቢፈርድ እናዝንበት ነበር። ውጤቱ ግን አሠሪዎች አንድ ዓይን፣ አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ብቻ ያላቸውን ሠራተኞቻቸውን በብዛት ማሰናበት ሆነ። ትናንት ጥሩ ሠራተኛ የነበረ ሰው ሌሊቱን የሚያስፈራ ዕዳ ሆኖ አደረ። መድኃኒቱ በኒውዮርክ ከ1916 ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ቀድሞ ለነበረው ጉዳት የሚተርፈውን ወጪ አሠሪው ብቻውን ሳይሆን የጋራ ፈንድ እንዲሸከመው ማድረግ ነው። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ በዚህ ጉዳይ ላይ አቆያቸዋለሁ፤ መልካም ፍርድ ካጠገቡ መልካም ሥርዓት ከሌለ ማንን እንደሚጎዳ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁምና።

ሌላው ትምህርት የመጣው ካልተጠበቀ ሰው ነው። ሄንሪ ፎርድን ለማወደስ አልመጣሁም፤ የሠራተኛ ማኅበራት ብርቱ ባላንጣ ነበር። ይሁንና በ1922 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ አንድ ጥናት ጠቅሷል። በፋብሪካው የነበሩት 7,882 የሥራ ዓይነቶች አንድ በአንድ ተመርምረው፣ 670ዎቹን ሁለት እግር የሌለው ሰው፣ 2,637ቱን አንድ እግር ያለው ሰው፣ 715ቱን አንድ እጅ ያለው ሰው፣ 10ሩን ደግሞ ዓይነ ስውር ሊሠራቸው እንደሚችል ታወቀ። ልብ በሉ፤ የሐኪሞች ቦርድ «ከዚህ ሰው ምን ያህል ጎደለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ይህ ጥናት «ይህ ሥራ ከሰው ምን ይፈልጋል?» ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያው ጥያቄ በመቶኛ ያልቃል። ሁለተኛው በሥራ ቦታ ይጀምራል። ያቺ እናት ቦቢን ስለ መቁጠር ሲጠይቁኝ ያቀረቡልኝ ይህንኑ ሁለተኛውን ጥያቄ ነበር፤ ፎርድ ባለሙያ ቀጥሮ የደረሰበትን እርሳቸው ቆመው ከሠሩበት አዳራሽ ያውቁት ነበር።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱት ቁስለኞች ይህን ጥያቄ የመንግሥታት ጥያቄ አደረጉት። አሜሪካ በ1918 ለወታደሮች፣ በ1920 ደግሞ ለሲቪሎች የሙያ ማገገሚያ ሕግ አወጣች። ጀርመንም በ1925 የአደጋ መድኗን ስታሻሽል ወደ ሙያ መመለስን ከመድኑ ግዴታዎች አንዱ አደረገችው። በእንግሊዝኛ ኬዝ ማኔጀር የሚባለው፣ እኔ «ጉዳይ ተከታታይ» የምለው ባለሙያ የተገኘው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ሐኪሙ «ቀላል ሥራ» ብሎ ይጽፋል፤ ፎርማኑ «እኔ ጋ ቀላል ሥራ የለም» ይላል፤ ሠራተኛው ቤቱ ተቀምጦ ሁለቱንም ይጠብቃል። ጉዳይ ተከታታዩ በሦስቱ መካከል ይመላለሳል፤ ስንት ኪሎ ማንሳት፣ ስንት ሰዓት መቆም እንደሚቻል ሐኪሙን በቁጥር ያስነግረዋል፤ ከዚያ ፋብሪካው ድረስ ሄዶ ሥራውን በዓይኑ ያያል። ችግሩ ደመወዙን የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ መድን ሰጪው መሆኑ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው «ይህ ሰው የመጣው ሊያቆመኝ ነው ወይስ ክፍያዬን ሊያቆም?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ሕጋችን በክፍያ በኩል የሚናቅ አይደለም። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይክሳል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መሠረት የተጎዳ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ለተከታዮቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ያገኛል። ዓመት ሲሞላ ክፍያው ይቆማል። ይኸው ሕግ ሠራተኛው በከፊልም ሆነ በሙሉ በዘላቂ የመሥራት ችሎታውን አጥቶ መሥራት ካልቻለ የሥራ ውሉ እንደሚቋረጥ ይደነግጋል። በእነዚህ በሁለቱ ድንጋጌዎች መካከል አሥራ ሁለት ወራት አሉ። በእነዚያ ወራት ሐኪሙን፣ ፎርማኑንና ሠራተኛውን ማን ያገናኛል? ኢትዮጵያ ስለ ሙያ ማገገምና ስለ አካል ጉዳተኞች ሥራ የሚደነግገውን 159ኛውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያዝዛል። ድንጋጌው አለ፤ ድንጋጌውን ይዞ ወደ ማሽኑ አጠገብ የሚሄድ ሰው ግን በደመወዝ መዝገቡ ላይ የለም። «መቶኛው ስንት ነው?» የሚል ሠራተኛ ቀጥረናል፤ እኔ ራሴ እርሱ ነበርሁ።

እኔ እሞላው የነበረው ቅጽ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የሥራ ክፍል፣ ጉዳቱ የደረሰበት ቀን፣ የተጎዳው አካል፣ መቶኛ፣ የብር መጠንና ፊርማ የሚሉ ዓምዶች ነበሩት። እናቲቱ ስለ ቦቢኑ ያሉትን የምጽፍበት ቦታ አልነበረውም፤ በሕዳጉ ላይ ለመጻፍም አላሰብሁም። ከዚያ በኋላ የት እንደሠሩ፣ ወይም ሠርተው እንደሆነ፣ አላውቅም።

በዚሁ ላቁም። በአዳራሹ ውስጥ በፋብሪካ የሠራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጥያቄውን ከእናንተ ብንጀምር ደስ ይለኛል።