የውሃ ሐሪም፤ ከመዲና ሸለቆዎች እስከ ሐረማያ ሐይቅ



በዛሬው ዝግጅታችን የምናወሳው የአንድን ሐይቅ ታሪክ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ ሐረር ከመድረሳችን በፊት የምናገኘው የሐረማያ ሐይቅ በሃያ ዓመት ውስጥ እየመነመነ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢም ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ውሃው ተመልሶ ታየ። ለመሆኑ ምን አጠፋው? ምንስ መለሰው? ወደ ሐረማያ ከመውረዳችን በፊት ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰን የቀደሙትን የፊቅህ ሊቃውንት እንጠይቅ። እነርሱ ሐይቁ ያጣውን ነገር በስሙ ጠርተውታልና። ስሙም «ሐሪም» ይባላል።

ሐሪም ምንድን ነው?

ሐሪም ማለት በጉድጓድ፣ በምንጭ ወይም በወንዝ ዙሪያ ያለ፣ የውሃው ድርሻ ተብሎ የተከለለ መሬት ነው። ቃሉ «ሐራም» ከሚለው ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ሲሆን፣ በዚያ ክልል ውስጥ ሌላ ሰው መጥቶ አዲስ ጉድጓድ ሊቆፍር አይፈቀድለትም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከጉድጓድ አጠገብ ሌላ ጉድጓድ ቢቆፈር ሁለተኛው የመጀመሪያውን ውሃ ስቦ ይወስዳል። ስለዚህ ውሃውን ለመጠበቅ ውሃውን ብቻ ማጠር አይበቃም፤ በዙሪያው ያለውም መሬት አብሮ መጠበቅ አለበት።

በ182 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ798) ያረፉት ቃዲ አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ባዘጋጁት «ኪታብ አል-ኸራጅ» በተሰኘው ሥራቸው ይህንን ጉዳይ በመጠን አስቀምጠውታል። ከብት ለሚጠጣበት ጉድጓድ 40 ክንድ፣ ውሃው በግመል እየተሳበ ለሚወጣ የመስኖ ጉድጓድ 60 ክንድ፣ ለምንጭ ደግሞ 500 ክንድ ሐሪም ይከለላል። በግመል የሚሳበው ጉድጓድ ሰፋ ያለ ሐሪም የተሰጠው ግመሉ ገመዱን ይዞ የሚራመድበት ቦታ ስለሚያስፈልገው ነው። እንግዲህ እናስተውል! መሳቢያው ሲበረታ ሐሪሙም አብሮ ይሰፋል። ይህ ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ የቀረ አልነበረም። ከሺህ ዓመታት በኋላ የኦቶማን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 ባወጣው «መጀለ» በተባለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥም የጉድጓድ 40 ክንድና የምንጭ 500 ክንድ ሐሪም ተደንግጓል።

ከላይና ከታች ያሉ ሰዎች

ሐሪም የውሃውን ዙሪያ ሲጠብቅ፣ ሌላ ሥርዓት ደግሞ የተጠቃሚዎቹን ድርሻ ይጠብቅ ነበር። በቡኻሪ እንደተዘገበው፣ ዙበይር ኢብኑል ዓዋም (ረ.ዐ.) እና አንድ የአንሷር ሰው በመዲና «አል-ሐራ» በተባለ ቦታ በሚወርድ የመስኖ ውሃ ተጣሉ። የዙበይር ማሳ ከላይ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዙበይርን አጠጥቶ ሲያበቃ ውሃውን ለጎረቤቱ እንዲለቅ አዘዙት። ሰውዬው ግን የአክስት ልጅህ ስለሆነ አደላህለት በሚል ተቆጣ። ያን ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዙበይር ሙሉ መብቱን እንዲወስድ፣ ውሃው እስከ እርከኑ ጫፍ እስኪደርስ እንዲያቆየው ፈረዱ። በመዲናው የመህዙር ሸለቆ ጎርፍ ላይ በተሰጠው ፍርድም የላይኛው ገበሬ ውሃው ቁርጭምጭሚት እስኪደርስ ብቻ ያቆይና ቀሪውን ለታችኛው ይለቃል። የላይኛው መብት አለው፤ መብቱ ግን ልክ አለው።

ውሃን ከመበከል መከልከልም የዚሁ ሥርዓት አካል ነው። ሰው በቆመ ውሃ ውስጥ እንዳይሸና፣ ሰዎች ውሃ በሚቀዱበት ቦታም እንዳይጸዳዳ የሚከለክሉ ሐዲሶች በታወቁት የሐዲስ መጻሕፍት ይገኛሉ።

ሐረማያ እንዴት ደረቀ?

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የሐረማያ ሐይቅ በኮረብታዎች መካከል ባለ ጎድጓዳ መሬት ላይ የተኛ፣ ከኮረብታዎቹ በሚወርድ ዝናብ የሚኖር የጨው አልባ ውሃ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በተደረገ ልኬታ ስፋቱ ከ4 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጥልቀቱም እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ 8 ሜትር ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለአርባ ዓመታት ገደማ የሐረር ሕዝብ የጠጣው፣ ዉዱእ ያደረገበትና ልብሱን ያጠበበት ውሃ ከዚህ ሐይቅ ተስቦ፣ በዳርቻው በተሠራው ማጣሪያ አልፎ የመጣ ነው።

ሐይቁን አንድ ጠላት መጥቶ አላደረቀውም። ከተማዋ አደገች፤ ቧንቧዋም ብዙ ሳበ። በሸለቆው ያለው ገበሬ ድንች፣ ሽንኩርትና ጫት ለማልማት ሞተር ገዛ፤ የአወዳይ የጫት ገበያ ስለሰፋ በበጋም ማጠጣት አዋጣው። ዛፍ የተመነጠረባቸው ኮረብታዎች ደግሞ በየክረምቱ አፈራቸውን ለጎርፍ ሰጡ፤ ጎርፉም ደለሉን በሐይቁ ሆድ ውስጥ አስቀመጠ። ሐይቁ ከላይ በመሳብ፣ ከታች በደለል ጠበበ። እያንዳንዱ ሰው የወሰደው ለራሱ ጥቂት ነበር፤ ሐይቁን ያደረቀው የሁሉም ጥቂት ሲደመር ነው። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው ቱቦውን እያስረዘመ ተከተለው፤ የተጋለጠውንም መሬት አረሰው። ሐይቁ ሐሪሙን አስቀድሞ አጥቶ ነበር፤ በኋላ ራሱ ሌላው ያረሰው መሬት ሆነ።

ውጤቱን የሐረር እናቶች ያውቁታል። ቧንቧ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ጠፋ፤ ጀሪካን ተሸክሞ መሰለፍ፣ ውሃ በገንዘብ መግዛት የዕለት ኑሮ ሆነ። ማጣሪያውም በደረቅ ሜዳ ዳር ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ ከተማዋ ከድሬዳዋ አቅጣጫ፣ ከድሬ ጃራ የከርሰ ምድር ውሃ ማምጣት ግድ ሆነባት። ይህም ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ እየተጓዘ፣ ከቆላ ወደ ደጋ በፓምፕ እየተገፋ የሚወጣ ውሃ ነው። በደጃፍ የነበረውን ያልጠበቀ ከሩቅ ያመጣል፤ የሩቁም ዋጋው ከባድ ነው።

እንዴት ተመለሰ?

እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጨረሻ፣ ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ሐይቁ እንደገና ውሃ መያዙ በስፋት ተነገረ። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ተገጣጥመዋል። አንደኛ፣ ከተማዋ ሌላ ውሃ ስላገኘች በሐይቁ ሸለቆ ላይ የነበረው ጫና ቀነሰ። ሁለተኛ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የግብርና ባለሙያዎችና የአካባቢው ገበሬዎች በኮረብታዎቹ ላይ እርከን ሠሩ፤ ችግኝም ተከሉ። እርከን የሚሮጠውን ጎርፍ ያስቆመዋል፤ የቆመ ውሃ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ የሰረገው ቀስ ብሎ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ አፈሩ ግን በማሳው ይቀራል። ሦስተኛ፣ አላህ መልካም ዝናብ ሰጠ። ዝናብ ቀድሞም ይዘንብ ነበር፤ ልዩነቱ አሁን የሚቀበለው ኮረብታ በመጠኑ ተዘጋጅቶ መጠበቁ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሐይቁ የተመለሰው ሐሪሙ በከፊል ሲመለስለት ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ታሪኩ ግን እዚህ አላበቃም። ሸለቆው ዛሬም በመስኖ የሚኖር ነው፤ ሞተርም አልጠፋም። የተመለሰ ውሃ ተመልሶ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የቀደሙት ሊቃውንት በክንድ የለኩትን እኛ በዘመናችን መለኪያ መለካት ይገባናል። በሐይቁ ዳርቻ የማይታረስ መሬት ይከለል። አዲስ ጉድጓድ ከጎረቤት ጉድጓድና ከሐይቁ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ይወሰን። በግመል ለሚሳብ ውሃ 20 ክንድ ከተጨመረ፣ በሞተር ለሚሳበውማ ምን ያህል መጨመር ይገባው ነበር! እርከኑ በየበጋው ይጠገን፤ የላይኛውም ሰው ለታችኛው የሚለቅበት ቀንና ሰዓት ይታወቅ።

ይህ ሸክም ግን በገበሬው ጫንቃ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። በኮረብታው ላይ እርከን የሚሠራ ሰው ከማሳው ቆርሶ ነው የሚሰጠው፤ በዳርቻው ማረስ የሚተውም የልጆቹን እንጀራ ነው የሚቀንሰው። አርባ ዓመት ከዚያ ውሃ የጠጣን የከተማ ሰዎች፣ ጫቱንም ድንቹንም ገዝተን የምንጠቀም ሁሉ ዕዳው አለብን። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ገንዘብ ያለው በገንዘቡ፣ የመስጊድ ኢማምና የአገር ሽማግሌም በቃሉ ይርዳ። በውሃ ሁላችንም ተጋሪዎች መሆናችንን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል፤ ተጋሪ የሆነ ሰው ደግሞ ድርሻውን እንደሚወስድ ሁሉ ወጪውንም ይካፈላል።

አላህ ውሃችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም ጠባቂዎቹ ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።