ስለ አሮጌ ሰፊ ማዕዘን ሌንሶች ታሪክና ለዲጂታል ካሜራ ስለ መምረጣቸው

ታሪክ የሚማር ሰው አንድ አሮጌ ጽሑፍ በእጁ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለምን ጉዳይ ጻፈው ብሎ ነው። አሮጌ ዕቃም ቢሆን በዚሁ ዓይነት ሊመረመር ይገባዋል። ዛሬ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ለጥናት ሲወጡ ዲጂታል ካሜራ ይይዛሉ፤ በካሜራውም ላይ በፊልም ዘመን የተሠራ፣ በእጅ እየዞረ የሚስተካከል ሌንስ ይገጥማሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዲስ ሰፊ ማዕዘን ሌንስ ለተማሪ ኪስ ይከብዳል፤ አሮጌው ግን ብዙ ጊዜ በቀለለ ዋጋ ይገኛል፤ አሠራሩም ጠንካራ ነው።

ነገር ግን ርካሽ ሆኖ የተገኘው ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። አንድ ተማሪ በጠባብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የግድግዳ ሥዕል ለማንሣት ቢፈልግ፣ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት ስፍራ ስለማይኖረው ሰፊ ማዕዘን ሌንስ የግድ ያስፈልገዋል። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ስም የተጻፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ በመካከል ሳይሆን በግርጌ ወይም በዳር ነው። ሌንሱ መካከሉን አጥርቶ ዳሩን ቢያደበዝዝ፣ ተማሪው ወደ ከተማ ተመልሶ ምስሉን አጉልቶ ሲያየው የሚፈልገውን ስም ሊያነበው አይችልም። ሁለተኛ ለመሄድም ጊዜና ገንዘብ አይገኝ ይሆናል። ስለዚህ የሌንስ ምርጫ የሰነድን መጥፋትና መትረፍ የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የሚሞክረው አንድ ነገር ነው። ይኸውም አሮጌ ሰፊ ማዕዘን ሌንስ ሊመረጥ የሚገባው በስሙ ወይም በዝናው ሳይሆን፣ ሲሠራ ከኋላው መስተዋት ይኖራል ተብሎ ነው ወይስ አይኖርም ተብሎ ነው በሚለው ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መስተዋት ያልነበረበት ዘመን

በ35 ሚሊሜትር ፊልም የሚነሣው ምስል 24 በ36 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ልክ 50 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው ሌንስ እንደ መደበኛ ይቆጠራል። 35 ሚሊሜትር የሆነው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 63 ዲግሪ ያህል ያያል፤ 28 የሆነው 75፣ 24 የሆነው 84፣ 21 የሆነው ደግሞ 92 ዲግሪ ያህል ያያል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን እይታው ይሰፋል።

እይታው በሰፋ መጠን ግን ችግር ይከተላል። ብርሃን ወደ ፊልሙ ዳር የሚደርሰው በአግድም ተንጋዶ ስለ ሆነ ኃይሉ ይደክማል። በቀላል ሌንስ ላይ ይህ ድካም በታወቀ የሒሳብ ሕግ የሚለካ ነው። ከመካከሉ መሥመር 45 ዲግሪ ተንጋዶ የሚገባው ብርሃን በመካከል ከሚያርፈው አንድ አራተኛ ብቻ ይሆናል። በ1900 የጀርመኑ ጎኤርዝ ፋብሪካ ሃይፐርጎን የተባለውን ሌንስ ባወጣ ጊዜ ይህ ችግር በጉልህ ታይቷል። ሌንሱ ሁለት ስስ መስተዋቶች ብቻ፣ ፊትና ኋላ እኩል ሆነው የተገጠሙበት ሲሆን፣ እይታው ከ130 ዲግሪ በላይ ነበር። የመካከሉን ብርሃን ቀንሶ ከዳሩ ጋር ለማስተካከል በፊቱ ኮከብ የመሰለች፣ በአየር ግፊት የምትሽከረከር ትንሽ መከለያ ነበረችበት።

የፊትና የኋላው ክፍል ተመሳሳይ የሆነበት አሠራር ትልቅ ጥቅም አለው። የፊተኛው ያጣመመውን መሥመር የኋለኛው ያቃናዋል፤ ስለዚህ ቀጥ ያለ ግንብ ቀጥ ብሎ ይታያል። ይህ መንገድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በሶቪየት ኅብረት ሚካኤል ሩሲኖቭ፣ በምዕራቡ ዓለም ደግሞ ሉድቪግ በርተለ፣ በሁለቱ ጫፎች ትላልቅ ጎባጣ መስተዋቶች ያሏቸውን አዳዲስ ሌንሶች ነደፉ። እንደነዚህ ያሉት ሌንሶች ከአውሮፕላን ለካርታ ሥራ በሚነሡ ፎቶግራፎች በብዙ አገልግለዋል። ለትንሽ ካሜራም በ1954 ዛይስ 21 ሚሊሜትር ቢዮጎንን ለኮንታክስ አወጣ፤ በ1958 ደግሞ ሽናይደር ሱፐር አንጉሎንን ለላይካ አቀረበ። የሩሲኖቭም 20 ሚሊሜትር ሩሳር ከዚሁ ወገን ነው።

እነዚህ ሌንሶች ሁሉ የኋላ ጫፋቸው ወደ ካሜራው ውስጥ ጠልቆ ከፊልሙ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ይርቃል። ይህ ሊሆን የቻለው ላይካና ኮንታክስ ፎቶ አንሺው በሌላ መስኮት የሚያይባቸው፣ በሌንሱና በፊልሙ መካከል ምንም የማይቆምባቸው ካሜራዎች ስለ ነበሩ ነው።

2. መስተዋቱ መጣ

በዚያው ጊዜ ሌላ ዓይነት ካሜራ እየተስፋፋ ነበር። በ1936 በድሬስደን የተሠራው ኪነ ኤክዛክታና በ1949 የወጣው ኮንታክስ ኤስ፣ ፎቶ አንሺው በሌንሱ በራሱ በኩል እንዲያይ የሚያደርግ ተንቀሳቃሽ መስተዋት ነበራቸው። መስተዋቱ ተነሥቶ እንዲወርድ ስፍራ ይፈልጋል። ስለዚህ የካሜራው አፍ ከፊልሙ መራቅ ግድ ሆነበት። ለምሳሌ በ1959 የወጣው የኒኮን ኤፍ አፍ ከፊልሙ 46.5 ሚሊሜትር ይርቃል፤ የላይካ ኤም አፍ ግን 27.8 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

እንግዲህ የትኩረት ርዝመቱ 21 ወይም 28 ሚሊሜትር የሆነ ተራ ሌንስ በዚህ ስፍራ እንዴት ይገጠማል? ኒኮን ለኤፍ ካሜራው ካዘጋጃቸው ቀደምት ሌንሶች አንዱ የሆነው 21 ሚሊሜትር ኒኮር የመስተዋት ጠላት ነበረ ለማለት ይቻላል። ሊገጠም የሚችለው መስተዋቱ ወደ ላይ ተነሥቶ ከተቆለፈ በኋላ ነበር፤ ፎቶ አንሺውም በካሜራው አናት ላይ በተሰካ ሌላ መመልከቻ ይጠቀም ነበር።

እውነተኛው መፍትሔ ግን አስቀድሞ በሲኒማ ተገኝቶ ነበር። የቴክኒከለር የቀለም ሲኒማ ካሜራ ብርሃኑን ወደ ልዩ ልዩ ፊልም የሚከፍል ወፍራም መስተዋት ከሌንሱ ኋላ ነበረው። ለዚህ ሲባል በ1930ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር፣ በቴይለር ቴይለር ኤንድ ሆብሰን ፋብሪካ፣ ኤች ደብልዩ ሊ የሩቁን የሚያቀርበውን የቴሌፎቶ ሌንስ አሠራር ገለበጠው። ብርሃንን የሚበትን ክፍል ከፊት፣ የሚሰበስብ ክፍል ከኋላ አደረገ። በዚህም ምክንያት ሌንሱ ከትኩረት ርዝመቱ ይልቅ ርቆ ሊቆም ቻለ።

በ1950 ፈረንሳዊው ፒየር አንዤኒዮ ይህንን ብልሃት ወደ ፎቶግራፍ ካሜራ አምጥቶ 35 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2.5 የሆነ ሌንስ ሠራ። ስሙንም ሬትሮፎከስ አለው። ስሙ የአንድ ፋብሪካ ምልክት ሆኖ ሳለ ውሎ አድሮ የወገኑ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የየና ዛይስ ፍሌክቶጎንን አስከተለ፤ ከዚያም የሶቪየቶቹ 37 ሚሊሜትር ሚር 1 መጣ።

የመጀመሪያዎቹ ሬትሮፎከስ ሌንሶች ግን ብዙ አልተመሰገኑም። የፊትና የኋላ ክፍላቸው ስለማይመሳሰል ቀጥ ያለውን መሥመር እንደ በርሜል ያጎብጡታል። መስተዋታቸው ስለ በዛ ብርሃን በውስጣቸው እየተንጸባረቀ ምስሉን ያገረጣዋል። ወደ ቅርብ ነገር ሲዞሩም ጥራታቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙዎች ሬትሮፎከስን ለመስተዋቱ ሲባል የተከፈለ ዕዳ አድርገው ይመለከቱት ነበር።

ዕዳው ቀስ በቀስ ተቃለለ። በ1967 ኒኮን ባወጣው 24 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2.8 ሌንስ ውስጥ፣ ወደ ቅርብ ሲዞር ከፊሉ መስተዋት ለብቻው እየተንቀሳቀሰ ጉድለቱን እንዲያርም ተደረገ። ነጸብራቅን የሚቀንሰውን ስስ ቅብ የዛይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ በ1935 አግኝቶት ነበር፤ በ1971 ደግሞ የአሳሂ ፋብሪካ በታኩማር ሌንሶቹ ላይ ብዙ ድርብርብ ቅብ ማድረግ ጀመረ። በ1972 ኦሊምፐስ አዲሱን ትንሽ ካሜራ ሲያወጣ ሰፊ ማዕዘን ሌንሶቹም እጅግ ትናንሽ ነበሩ።

3. ፍርዱ ተገለበጠ

ፊልም ብርሃን ከየት አቅጣጫ ቢመጣበት ብዙ አይገደውም። ዲጂታል ሴንሰር ግን እንደዚያ አይደለም። ፊቱ በመስተዋት የተሸፈነ ነው፤ ከሥሩም እያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን የሚሰበስብባት ጥቃቅን ሌንስ አለችው። ብርሃን ቀጥ ብሎ ሲገባ ምንም እክል የለም፤ በጣም ተንጋዶ ሲገባ ግን በሽፋኑ ውስጥ ረዥም መንገድ ሄዶ ይዛባል፤ የጎረቤቱንም ነጥብ ይነካል። ውጤቱ የደበዘዘ ጥግና ወደ ቀይ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ የዳር ቀለም ነው።

ላይካ በ2006 ኤም 8 የተባለውን ዲጂታል ካሜራ ሲያወጣ ይህን ስለሚያውቅ፣ በዳር ያሉትን ጥቃቅን ሌንሶች ወደ መካከል አዛወራቸው፤ ሽፋኑንም አሳሳው። ሽፋኑ በመሳሳቱ ግን በዓይን የማይታየው ቀይ ጨረር አልፎ አንዳንዱን ጥቁር ጨርቅ ወይን ጠጅ አስመሰለው፤ ኩባንያውም ለሌንሶቹ ልዩ ማጣሪያ እስከ ማደል ደረሰ። በ2013 የወጣው ሶኒ አልፋ 7 መስተዋት የለውም፤ አፉም ከሴንሰሩ 18 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚርቅ የጥንቱን ሌንስ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በአዳፕተር ይቀበላል። ሆኖም ዝነኞቹ ቢዮጎንና ሱፐር አንጉሎን በላዩ ሲገጠሙ ጥጉን ያበላሹታል። በ2015 የመጣው የኋላ ብርሃን ተቀባይ ሴንሰር የቀለሙን ጉዳት ቢያቃልልም፣ የሽፋኑ ውፍረት የሚያመጣው ብዥታ አልጠፋም።

ሬትሮፎከሱ ግን ከሩቅ ሆኖ ብርሃኑን ቀጥ አድርጎ ስለሚልከው ለሴንሰሩ ይስማማዋል። አንዤኒዮና የየና ሰዎች ያሰቡት ስለ መስተዋቱ ብቻ ነበር፤ ስለ ሴንሰር ሊያስቡ አይችሉም ነበር። ሆኖም በዘመናቸው እንደ ዕዳ የተቆጠረው ርቀት መስተዋቱ ከካሜራ ከወጣ በኋላ ሀብት ሆኖ ተገኘ። መስተዋት የሌለው ካሜራ መስተዋት ለሌለው ካሜራ የተሠራውን ሌንስ ሳይሆን፣ ለባለ መስተዋቱ የተሠራውን መረጠ።

4. ለመራጭ የሚጠቅሙ ነገሮች

ከዚህ ታሪክ የሚከተሉት ደንቦች ይወጣሉ።

በመጀመሪያ ርቀቱን መለካት ነው። የሌንሱ ርቀት ከካሜራው ርቀት የበለጠ ካልሆነ፣ ጥራት የሚቀንስ ተጨማሪ መስተዋት ሳይገባበት ሩቁን አጥርቶ ሊያሳይ አይችልም። ባለ መስተዋቱ ዲጂታል ካኖን 44 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፣ ባለ 46.5 ኒኮንን፣ ባለ 46 ኦሊምፐስንና ባለ 45.46 ኤም 42ን ይቀበላል፤ የራሱን ፋብሪካ የቀድሞ ኤፍ ዲ ሌንስ ግን፣ 42 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፣ አይቀበልም።

ሁለተኛው የሴንሰሩ ስፋት ነው። ሴንሰሩ ከፊልሙ አንድ ጊዜ ተኩል ያነሰ ከሆነ፣ 24 ሚሊሜትር የነበረው ሌንስ እይታው እንደ 36 ይሆናል። ዳሩ ስለሚቆረጥ ምስሉ ይጠራል፤ ሰፊነቱ ግን ይቀራል። ጠባብ ስፍራ ለሚያነሣ ሰው 20 ወይም ከዚያ በታች ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ጽሑፍን አለማመን ነው። ብዙ ሚር 1 ሌንሶች ላይ የብራሰልስ ታላቅ ሽልማት 1958 የሚል ተቀርጾ ይገኛል፤ ይህ የሽልማቱ ዘመን እንጂ ሌንሱ የተሠራበት አይደለም። እንዲሁም ጀርመን ከተከፈለች በኋላ ሁለቱ ዛይሶች ስለ ስሙ ስለ ተከራከሩ፣ ለምዕራብ ገበያ የተላኩ የየና ሌንሶች የዛይስ ስም ሳይኖርባቸው ተሸጠዋል። ስም ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ደህናውን አልፎ ውዱን ይወስዳል።

አራተኛው የዕቃው ጤና ነው። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንቶ ሻጋታ፣ ጉም ወይም የተላቀቀ ማጣበቂያ እንዳለው መመልከት፣ በብርሃን ቀዳዳው ስስ ብረቶች ላይም ዘይት አለመኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ሌንስ የተዛባ ውፍረት ባለው አዳፕተር ከተገጠመ እርማቱ ራሱ ስሕተት ይሆናል። በመጨረሻም ከመግዛት በፊት አንድ የጡብ ግድግዳ ወይም ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ በኤፍ 8 አንሥቶ፣ መካከሉን ሳይሆን አራቱን ጥጎች አጉልቶ ማየት ከማናቸውም ምክር ይበልጣል።

5. መደምደሚያ

መስተዋት የለሾቹን ቀደምት ሌንሶች ማቃለል የዚህ ጽሑፍ አሳብ አይደለም። ቀጥ ያለ መሥመር ከሁሉ በላይ ለሚፈልግና ፊልም ለሚጠቀም ሰው ቢዮጎን እስከ ዛሬ ድንቅ ሥራ ነው። ሬትሮፎከሱም የሚያጎብጠው መሥመር አለ፤ ይህ ግን ዛሬ በኮምፒውተር ሊቃና ይችላል። የደበዘዘ ፊደል ግን በምንም ብልሃት አይመለስም። ስለዚህ በሥዕሉ ዳር ያለውን ስም ይዞ ለመመለስ የሚሻ ተማሪ፣ ለባለ መስተዋት ካሜራ የተሠራውን ትሑት ሌንስ ቢመርጥ የተሻለ ነው እንላለን። በዚህ ጉዳይ የበለጠ ልምድ ያላቸው መምህራንና ጓደኞች ጉድለቱን እንዲሞሉት በትሕትና እንጠይቃለን።