ሳይሸጥ የሚጠፋ የሐይቅ ዳርቻ

ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አለ፤ «ይህ የሐይቅ ዳር መናፈሻ መቼ ተሸጠ?» ይላሉ። አልተሸጠም። የ1967ቱ አዋጆች፣ የየካቲቱ የገጠርን መሬት፣ የሐምሌው ደግሞ የከተማን ቦታ፣ ከግል ይዞታ አወጡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ፣ እንደማይለወጥ ደነገገ። ስለዚህ የመሬት ሽያጭ ሰነድ ፍለጋ መዝገብ ቤት የሚገባ ተመራማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የሚፈለገው የሊዝ ውል ነው። በአዋጅ ቁጥር 80/1986 የተጀመረው ሥርዓት በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች ተተካ። በ2004ቱ አዋጅ መሠረት ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ የሚውል ቦታ እስከ 70 ዓመት ይያዛል። ባለቤቱ በስም ሕዝብ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ቁልፉ ግን ከሌላ ሰው እጅ ነው።

በ1980ዎቹ ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ ደብተራችንን ይዘን ጣና ዳር ዛፍ ሥር እናጠና ነበር። «ወዴት ነው?» የሚለን አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ወደዚያው ስሄድ አጥርና በር ጠበቀኝ፤ ዘበኛው በትሕትና የምጠቀመው ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። ቡና አዝዤ ገባሁ። ቡናው ደኅና ነበር፣ አልዋሽም። ያሳሰበኝ ከእኛ አጠገብ ልብስ ታጥብ የነበረችው ሴት ዛሬ ብትመጣ ምን ብላ እንደምትገባ ነው።

ያለፈውን ማሳመርም አይገባም። በዘውዱ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ቢሾፍቱ ላይ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ከ1967 በኋላም የሕዝብ የተባለ ቦታ ሁሉ በሩን ለሕዝብ አልከፈተም። ዛሬ በዚያች ከተማ ሐይቆች ዳር ሆቴሎችና ሪዞርቶች ተሰልፈዋል። ሆራ አርሰዲ ግን በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ገደማ ኢሬቻ ይከበርበታል፤ ያን ቀን ሕዝቡ ወደ ውኃው ይወርዳል። እንደ እኔ እምነት የሆራን ዳርቻ ከየትኛውም አዋጅ በላይ የጠበቀው ይህ ልማድ ነው።

ሕጉማ ክፍተት አለበት። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ አካላትን ዳርቻ ለመከለል፣ በክልሉ ውስጥ ዛፍ መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን ለመከልከል ሥልጣን ይሰጣል። ሥልጣን መስጠትና ግዴታ መጣል ለየቅል ናቸው። ደግሞም አዋጁ የሚያስበው ለውኃው እንጂ ወደ ውኃው ለሚወስደው የእግር መንገድ አይደለም።

በዚህ በአዘና ስለዚህ ጉዳይ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በዞናችን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው ዘንገና አለን። የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፣ የመመረቂያ ርእስ የቸገራችሁ ካላችሁ አካባቢው አዛውንቶች ዘንድ ሂዱ። ከብቱ በየትኛው በኩል ወርዶ ይጠጣ እንደነበር፣ ሣር የሚያጭደው ማን እንደነበረ፣ ለማን ምን ይከፈል እንደነበር ጠይቁና ጻፉ። ነገ ዳርቻውን የሚመለከት ውል ለፊርማ ቢቀርብ፣ ወደ ውኃው የሚወርደው መንገድ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይኑር።