ስለ ፀሐይ ግዛት ዳርቻና ስለ ቮያጀር መርከብ

የምድር ነገሥታት ወሰን በወንዝና በተራራ ይለያል፤ የፀሐይ ግዛት ወሰን ግን በምን ምልክት እንደሚለይ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሄዶ የተመለከተ አልነበረም። አሁን የምንጽፈው ወሰኑን ስለ ተሻገረችው የመጀመሪያ መርከብ፥ ይልቁንም መሻገሯን ለማወቅ በሊቃውንት መካከል አንድ ዓመት ያህል ስለ ቆየው ክርክር ነው። ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

በ1965 ዓ.ም. ጋሪ ፍላንድሮ የሚባል አሜሪካዊ የዘዋሪ ከዋክብትን መንገድ ሲያሰላ፥ ጁፒተር፥ ሳተርን፥ ዩራኑስና ኔፕቱን በ175 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ለመንገደኛ በሚመች ስፍራ እንደሚሰለፉ፥ ጊዜውም በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደሚውል አገኘ። ይኸውም መርከብ በአንዱ አጠገብ ስታልፍ ከስበቱ ፍጥነት ተበድራ ወደ ሁለተኛው ትወረወራለች፤ ብዙ ነዳጅ ሳይጫንባትም ሩቅ ትደርሳለች ማለት ነው። ስለዚህ ናሳ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ሁለት መርከቦች አሠርቶ ቮያጀር፥ ማለት ተጓዥ፥ ብሎ ሰየማቸው። ሁለተኛዪቱ በኦገስት 20 ቀን 1977፥ አንደኛዪቱም ከእርስዋ በኋላ በሴፕቴምበር 5 ቀን፥ ይኸውም በእኛ ነሐሴ 30 ቀን 1969 ዓ.ም.፥ ከፍሎሪዳ ተላኩ። ኋላ የሄደችው አንደኛ መባሏ፥ መንገዷ አጭር ስለ ሆነ ቀድማ እንደምትደርስ ስለ ታወቀ ነው።

በቀድሞው የሐሳበ ከዋክብት መጽሐፍ ሙሽተሪ የሚባለውን ጁፒተርን በ1979፥ ዙሐል የሚባለውን ሳተርንንም በ1980 አለፈች፤ በጁፒተር ጨረቃ በኢዮም ላይ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ታየ። ሁለተኛዪቱ እስከ ኔፕቱን ዘልቃ በ1989 ደረሰች።

ወደ ዳርቻው ነገር እንመለስ። በ1958 ዓ.ም. ዩጂን ፓርከር የሚባል የቺካጎ መምህር፥ ከፀሐይ ያለ ማቋረጥ የሚነፍስ የረቂቃን ቅንጣቶች ነፋስ አለ ብሎ ጻፈ። ጽሑፉን የመረመሩት ሁለት ሊቃውንት ነቀፉት፤ የመጽሔቱ አዘጋጅ ቻንድራሴካር ግን በስሌቱ ስሕተት ስላላገኘበት አሳተመለት፤ በ1962ም ማሪነር ሁለት የምትባል መርከብ ነፋሱን በእውነት አገኘችው። ይህ ነፋስ እየራቀ በሄደ መጠን እየሳሳ ይሄድና፥ በመጨረሻ በከዋክብት መካከል የተዘረጋው ረቂቅ አካል ተቋቁሞ ያቆመዋል። ሊቃውንቱ ዳርቻ ያሉት ይህን መቆሚያ ነው።

በኦገስት 25 ቀን 2012፥ ምድር ከፀሐይ የምትርቀውን 121 ጊዜ ያህል ርቃ ሳለች፥ ከፀሐይ የሚመጡት ቅንጣቶች በቮያጀር አንደኛ ዙሪያ በድንገት ጠፉ፤ ከሩቅ ከዋክብት የሚመጡት ግን በዙ። አንዳንዶቹ፦ እነሆ ወጣች አሉ። ሌሎቹም፦ ከወጣችስ የማግኔቱ ኃይል አቅጣጫ መለወጥ ይገባው ነበር፤ አልተለወጠምና ገና በውስጥ ናት ብለው ተከራከሩ። ነገሩን ይቆርጠው የነበረው የነፋሱን ጥግግት የሚለካው መሣሪያ ነበረ፤ እርሱ ግን በ1980 ተበላሽቶአል። እንዲህ ሳሉ ምስክሩን ፀሐይ ራሷ ላከችው። በማርች 2012 ከእርስዋ የወጣ ታላቅ ፍንዳታ 13 ወር ተጉዞ በአፕሪል 2013 መርከቢቱ ካለችበት ደረሰ፤ በዙሪያዋ ያለውንም እንደ በገና አውታር አንቀጠቀጠው። የአዮዋው መምህር ዶናልድ ገርኔትና ባልንጀሮቹ ንዝረቱን በሌላ መሣሪያ ሰምተው፥ ከቅጥነቱ ጥግግቱን ቢያሰሉ፥ በውስጥ ካለው 40 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። በሴፕቴምበር 2013ም መሻገሯ ተነገረ። ቮያጀር ሁለት በኖቬምበር 5 ቀን 2018 በደኅና መሣሪያ ስትሻገር፥ የማግኔቱ አቅጣጫ በእርስዋም ዘንድ እምብዛም አልተለወጠም፤ እንግዲህ ተከራካሪዎቹ የታመኑበት ምልክት ራሱ ምልክት አልነበረም። ቢሆንም ያለ በቂ ምስክር አንፈርድም ማለታቸውን አልነቅፍባቸውም።

ጋዜጦች ግን ከፀሐይ ሥርዓት ፈጽማ ወጣች ብለው ጻፉ። ይህ አነጋገር ልክ አይመስለኝም። የንጉሥ ነጋሪት የሚሰማበት አገርና ግብሩ የሚገባበት አገር ወሰኑ አንድ አይደለም፤ ነፋሷ ቢቆምም ስበቷ ገና ይዘልቃል። በስበቷ የተያዙ የበረዶ አካላት የሚዞሩበት፥ የኦርት ደመና የተባለው ስፍራ፥ መጀመሪያው ላይ ለመድረስ 300 ዓመት፥ አልፎ ለመሄድም 30,000 ዓመት ያህል ያስፈልጋል ይላሉ።

መርከቢቱ በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ሸክላ ይዛለች፤ በ55 ቋንቋም ሰላምታ ተቀርጾበታል። ተናጋሪ የሌላቸው ሱመርኛና አካድኛ ሳይቀሩ ገብተዋል፤ ግዕዝና አማርኛ ግን የሉበትም። ደርሶ የሚጨምርበትም የለምና ቀረ።

አሁን አርጅታለች። ከፕሉቶኒየም ሙቀት የሚወጣው ኤሌክትሪኳ በየዓመቱ 4 ዋት ያህል ስለሚቀንስ፥ መሣሪያዎቿን ተራ በተራ ያጠፉባታል። በኖቬምበር 2023 የምትልከው ቃል ትርጉም አጣ። የሠሩአት ሰዎች ብዙዎቹ ስለሌሉ፥ የዛሬዎቹ መሐንዲሶች የአሮጌውን ዘመን ወረቀት እየገለጡ መረመሩ፤ ከኮምፒዩተሯ ማኅደር አንዲት ክፍል መሞቷንም አገኙ። ጸሐፊ ብራናው የተቀደደ እንደ ሆነ ቀዳዳውን እየዘለለ ቃሉን እንደሚጽፍ፥ እነርሱም የጠፋውን ትእዛዝ ከፋፍለው በቀሩት ባዶ ስፍራዎች አኖሩት። በአፕሪል 18 ቀን 2024 የላኩት ትእዛዝ ለመድረስ 22 ሰዓት ተኩል፥ መልሱም ለመምጣት እንደዚያው ያህል ፈጀ፤ በ20ኛውም ቀን ስለ ደኅንነቷ የተናገረችው ቃል ተሰማ። ከ1972 እስከ 2022 ድረስ የጉዞው ዋና ሊቅ የነበሩት ኤድዋርድ ስቶን ይህን መልስ ከሰማችው ምድር የተለዩት በሚቀጥለው ጁን ነው።