ከጅግና ማሳ እስከ ሐሙሲት ገበታ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ይዞ 35 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ በደራ ወረዳ ከምትገኘው ከሐሙሲት ከተማ ይደርሳል። ዕለቱ የጾም ቀን ሆኖ ከአንዱ ምግብ ቤት ቢያርፍ፣ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ የመጣ ተጋቢኖ ሽሮና ነጣ ያለ እንጀራ ይቀርብለታል። ሽሮው አያት ቅድመ አያት የሚያውቁት ነው። እንጀራው ግን ብዙውን ጊዜ ጤፍና ሩዝ ተቀላቅለው የተጋገረ ነው። ይህ ሩዝ ለአካባቢው ገበታ ከበቃ ግማሽ ምእተ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ታሪኩም ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከኮርያ ምድር ጋር የተሳሰረ ነው።

ኢትዮጵያና ኮርያ አስቀድሞ የተዋወቁት በጦር ሜዳ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ጦር በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ከደቡብ ኮርያ ጎን ተሰልፎ ለመዋጋት ባሕር ተሻገረ። ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የመንግሥት ሥርዓት ተለውጦ ስለ ነበር፣ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በተቃራኒው ወገን የነበሩት የሰሜን ኮርያ የእርሻ ባለሙያዎች ሆኑ። የታሪክ ሂደት እንዲህ ነው፤ ትናንት በጠመንጃ የተፋጠጡ ወገኖች ልጆች ከአንድ ማሳ ጭቃ ውስጥ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ።

የፎገራ ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች እየሞሉ የሚተኙበት ምድር ነው። ውሃው በሚተኛበት ወራት ሜዳው በአብዛኛው ለእህል አይመችም ነበር። የፎገራ ከብት ይሰማራበት፣ ውሃው ሲጎድል ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽንብራ ይዘራበት ነበር። በሜዳው የዱር ሩዝ መገኘቱ የለማውም ሩዝ እንደሚበቅል ጠቋሚ ሆነ። በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ ሙከራው የተጀመረው በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ ወረዳ ደግሞ በሻጋ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። በሜዳው በሰፊው የተዘራው ዝርያም እስከ ዛሬ «ኤክስ ጅግና» እየተባለ ይጠራል። ከሩቅ የመጣው ዘር ስሙን ያገኘው ከተቀበለችው መንደር መሆኑ ሊጤን ይገባዋል።

እዚህ ላይ የሁለቱን አገሮች ገበታ ጎን ለጎን አድርጎ መመልከት ይጠቅማል። በኮርያ ሩዝ የሚበላው ተቀቅሎ፣ ሳይፈጭና ሳይቦካ ሲሆን፣ ከጎኑ ከሚቀርቡት ምግቦች አንዱ «ዱቡ» ነው። ዱቡ የአኩሪ አተር አይብ ቢባል ያስኬዳል። አኩሪ አተሩ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ከዚያም ይፈጫል፣ ይፈላል፣ በጨርቅም ይጠለላል። ወተት በመሰለው ፈሳሽ ላይ ከባሕር ጨው የሚገኘው መራራ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ይረጋል። ሳይጫን በለስላሳነቱ የሚበላው «ሱንዱቡ» ይባላል፤ ተጭኖ ውሃው የወጣለት ደግሞ እንደ አይብ ይቆረጣል። ጣዕሙ ያለው በትኩስነቱ ስለ ሆነ፣ በዚህ ሙያ የታወቁ ምግብ ቤቶች በየማለዳው ራሳቸው ያረጉታል። በጆሶን ነገሥታት ዘመን፣ ከ1392 እስከ 1910 እ.ኤ.አ.፣ ለነገሥታቱ መቃብር ሥርዓት የሚሆነውን ዱቡ እንዲያዘጋጁ የተመደቡ የቡድሃ ገዳማት ነበሩ። ሥጋ የማይበሉት መነኮሳት ይህን ሙያ ጠብቀው አቆይተዋል።

ይህን የሚሰማ የደራና የፎገራ ባለሙያ ሴት እንግዳ ነገር ሰማሁ አትልም። እርሷም በጾም ወራት ሱፉን ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣና ጠልላ፣ ወተት የመሰለውን ፈሳሽ ለፍትፍት ታውለዋለች። የባቄላውን ዱቄት ስልጆ ታደርገዋለች፤ ከሽንብራው ዱቄት «የሽንብራ ዓሣ» ሠርታ በወጥ ትጨምረዋለች። በፍስኩ ደግሞ አሬራውን አሙቃ አይቡን ከአጓቱ ትለያለች። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተያዩ፣ ሥጋ በሌለበት ገበታ ጥራጥሬን እንዴት እናጣፍጠው ለሚለው አንድ ጥያቄ የየራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል። ሱንዱቡ ከእሳት እንደ ወጣ በሸክላ እየተንተከተከ መቅረቡ ራሱ ተጋቢኖን ያስታውሳል።

እንግዲህ በሜዳው ሥር የሰደደው ሩዙ እንጂ ዱቡው አለመሆኑ አያስደንቅም። የዱቡ ቦታ በሽሮ፣ በስልጆና በአይብ ተይዞ ነበር። አኩሪ አተርም በኢትዮጵያ የተስፋፋው እንደ ፓዌ ባሉ ሌሎች አካባቢዎች ነው። ሩዙ ግን ባዶ ቦታ አገኘ፤ በማሳው ውሃ የተኛበትን መሬት፣ በማድቤቱ ደግሞ የጤፍን እጥረት። ሆኖም እንደ ኮርያውያን ልማድ ተቀቅሎ ብቻ አልተበላም። ተፈጭቶ፣ ከጤፍ ጋር ተቦክቶ እንጀራ ሆነ፤ ዳቦም፣ ቅንጬም፣ ጠላም ሆነ። ይህ ለውጥ የተሠራው በምጣድና በቡሆ ዕቃ ዙሪያ፣ በእናቶች እጅ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ሲፈርሱ፣ ሩዙ አብሮ ያልጠፋውም በዚህ ምክንያት ይመስላል። ማኅበር በመመሪያ ይቋቋማል፣ በመመሪያም ይፈርሳል፤ ከእንጀራ የገባ እህል ግን በመመሪያ አይወጣም። ከዚያ ወዲህ ሩዝ ሜዳውን አጥለቅልቆታል፤ በወረታና በሐሙሲት የመፈልፈያ ወፍጮዎች ተተክለዋል።

ይሁን እንጂ ታሪክ ጸሐፊ ትርፉን ብቻ ቆጥሮ ማለፍ የለበትም። ሩዙ በሰፋ መጠን የፎገራ ከብት የሚሰማራበት የወል ግጦሽ ጠቧል፤ ከብቱም የሩዝ ገለባ ጠባቂ እየሆነ ነው። ግጦሹ ሲጠብ የሚነካው ወተቱ፣ አይቡና ቅቤው ነው። አንዱ ምግብ ሲገባ ሌላው ከገበታው ጠርዝ እየተገፋ እንደሆነ ልብ ማለት ያሻል።

የመጀመሪያውን ሩዝ በጅግናና በሻጋ የዘሩት ገበሬዎች፣ የመጀመሪያውንም የሩዝ እንጀራ የጋገሩት እናቶች ዛሬ በእርጅና ላይ ናቸው። የጦርነቱ ታሪክ በመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል፤ የማሳውና የምጣዱ ታሪክ ግን ያለው በእነርሱ አንደበት ብቻ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ሄዶ ሊጽፈው፣ ሠዓሊውና ተራኪው ሊቀርጹት የሚገባው ጊዜ ገና እነርሱ ሳሉ ነው። እስከዚያው ግን ታሪኩ በሐሙሲት በየቀኑ፣ በየመሶቡ ይቀርባል፤ የሚበላው ሁሉ ከየት እንደ መጣ ባያውቅም።