ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ ቀለብ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች

የዩኒቨርሲቲ ወጪ ቀለብ ውስጥ ይግባ አይግባ የሚለው ጥያቄ የአሜሪካን ዳኞች ከመቶ ዓመት በላይ አከራክሯል። ቀለብ ሲባል የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግም እንደሚያውቀው ወላጅ ለልጁ የሚያሟላው ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያ፣ ሕክምናና ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 (የሚከተሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የቨርሞንት ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሚድልበሪ ኮሌጅ ለአካለ መጠን ሳይደርስ በተማረ ሰው ላይ ያቀረበውን የክፍያ ክስ ሲመረምር፣ የኮሌጅ ትምህርት ሕጉ ለኑሮ የግድ ያስፈልጋሉ ከሚላቸው ነገሮች እንደማይቆጠር ወሰነ። በ1926 ግን የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያ ፍርድ የዘመኑን ሁኔታ የተከተለ እንደነበር ገልጾ፣ ኮሌጅ የጥቂቶች ቅንጦት መሆኑ ቀርቷል አለ።

በ1971 የመምረጫ ዕድሜ ከ21 ወደ 18 ሲወርድ ብዙ ግዛቶች የአካለ መጠንንም ዕድሜ አብረው ስላወረዱት፣ ቀለብ የሚቋረጠው ተማሪው ኮሌጅ ደጃፍ ላይ በቆመበት ጊዜ ሆነ። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ይህን ክፍተት ለመድፈን ሲሞክር፣ አቅም ያለው ወላጅ ለኮሌጅ ብቻ ሳይሆን እንደ ነገሩ ሁኔታ ለሕግ ትምህርት ቤትም ሊከፍል እንደሚገባ አስታወቀ፤ ሕግ በአሜሪካ የሚጠናው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነውና ግዴታው ወደ ድኅረ ምረቃ ተሻገረ ማለት ነው። ዳኞች እንዲመዝኗቸው ከዘረዘራቸው 12 ነጥቦች የመጀመሪያው፣ ወላጁ ከልጁ ጋር አብሮ ቢኖር ኖሮ ለትምህርቱ ይከፍል ነበር ወይ የሚል ነው። በዚህ ጥያቄ የሚፈተነው ከገንዘብ አቅም ይልቅ የወላጆች ፍቺ ያቋረጠው ተስፋ ነውና፣ ከሁሉም የጠለቀው ነጥብ እርሱ ነው።

ፔንስልቬንያ ተቃራኒውን መንገድ ያዘች። ምክር ቤቷ ተለያይተው የሚኖሩ ወላጆች ለልጃቸው የኮሌጅ ወጪ እንዲያዋጡ በ1993 ያወጣውን ሕግ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ1995 ውድቅ ያደረገው፣ ወላጆቹ በጋብቻ የጸኑለት ልጅ የማይጠይቀውን መብት ለሌላው ብቻ መስጠት በሕግ ፊት እኩልነትን ይጥሳል በማለት ነው። ክርክሩ ከባድ ቢሆንም፣ አብረው የሚኖሩ ወላጆች በፈቃዳቸው የሚያደርጉትን ከፍቺ በኋላ በቂም የሚነፍግ ወላጅ መኖሩን ፍርዱ አቅልሎ አይቶታል።

ኒው ጀርሲ በ2017 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ በፍርድ ቤት የሚታዘዝ የልጅ ቀለብ ከ23 ዓመት እንዳያልፍ ብትወስንም፣ ከዚያ በኋላ በሌላ መልክ የገንዘብ ድጋፍ መጠየቅን አልከለከለችም፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አቤቱታ ዛሬም የሚገባው በዚያች በር ነው።